ሳይነበብ የጸደቀ ስቶሪቦርድ

የኦንላይን ኮርሱን ስቶሪቦርድ ገና ለደንበኛው አትላኪው። እስኪ ወንበሬን ላስጠጋና አብረን እንየው። ስክሪን አንድ፣ ስክሪን ሁለት፣ ሦስት… ሥራሽ ንጹሕ ነው፣ ሠንጠረዡም አምሮበታል። ግን ይህን ሁሉ ገጽ ነገ ጠዋት ልከሽ «አስተያየትዎን እንጠብቃለን» ብትዪው ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ከተወሰነ ቀን በኋላ «በጣም ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት» የምትል አንድ መስመር ትመጣልሻለች። አንቺም ደስ ይልሻል። ትረካው ይቀረጻል፣ ሥዕሉ ይሣላል፣ ዴቨሎፐሩ ስክሪኑን አንድ በአንድ ይሠራል። ከዚያ ኮርሱ አልቆ ስብሰባ ላይ በፕሮጀክተር ሲታይ፣ ያው «በጣም ጥሩ ነው» ያለው ሰው «ይኼ እኮ ከእኛ አሠራር ጋር አይሄድም» ይላል። አልዋሸሽም። ያን ጊዜ ስቶሪቦርዱን አላነበበውም፤ ኮርሱን ያየው ገና አሁን ነው።

እኔ በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህንን ነው፣ ሳይነበብ የጸደቀ ስቶሪቦርድ። ከሚተች ደንበኛ ጋር መሥራት ይቻላል፤ እንዲያውም ይመረጣል። ሳያነብ ከሚስማማ ደንበኛ ጋር ግን ሥራው ሁለት ጊዜ ነው የሚሠራው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያለ ክፍያና ያለ እንቅልፍ። ደንበኛው ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስልሽ። የጤና ባለሙያ ነው፣ ወይም የባንክ ኃላፊ ነው፣ ወይም የሰው ሀብት ዳይሬክተር ነው። በሠንጠረዥ የተከፋፈለ ጽሑፍ አንብቦ፣ ድምፁን በጆሮው፣ ሥዕሉን በዓይኑ አዋህዶ ማየት የለመድነው እኛ ነን እንጂ እሱ አይደለም። ስለዚህ እንዲያነበው ማድረግ ያንቺ ሥራ ነው፤ ከመጻፉ እኩል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ብታውቂ ይጠቅምሻል። ስቶሪቦርድ የካርቱን ፊልም ሰዎች መላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ሠዓሊዎቹ ታሪኩን በየወረቀቱ እየነደፉ ግድግዳ ላይ በተርታ መሰካት ጀመሩ፤ በ1933 የወጣው የሦስቱ አሳማዎች ካርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚህ መንገድ ከታቀዱት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ለአንድ ሰከንድ ፊልም እስከ 24 ሥዕል ያስፈልጋል። ተሥሎ የሚጣል ትዕይንት ስንት ሰው የደከመበት ነው፤ ግድግዳ ላይ ያለ ወረቀት ግን ተነቅሎ ሌላ ይሰካል። እኛ የወረስነው ወረቀቱን ነው። የረሳነው ደግሞ አንድ ሰው ግድግዳው ፊት ቆሞ ታሪኩን በቃሉ ሲተርክ ሌሎቹ አብረው እያዩ መናገራቸውን ነው። ፋይል በኢሜይል ስንልክ የሚቀረው ይኼ ነው፤ እዚህ ላይ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ወደ ጽሑፉ እንግባ፤ ደንበኛ የማያነበው ስቶሪቦርድ ብዙ ጊዜ ለማንበብ የሚያስቸግር ስቶሪቦርድ ነውና። ይህ ኮርስ ለማን ነው? በየጤና ጣቢያውና በየጤና ኬላው የክትባት ማቀዝቀዣ ለሚይዙ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች። ደንበኛው የሰጠሽ ግን የአዳራሽ ሥልጠና ፓወርፖይንት ነው፤ የክትባት ታሪክ፣ የፕሮግራሙ ዓላማ፣ የመሥሪያ ቤቱ መዋቅር፣ ማቀዝቀዣው መጨረሻ ላይ። አንቺም በዚያው ቅደም ተከተል ገልብጠሽዋል። አልፈርድብሽም፤ «ይህንን ወደ ኦንላይን ቀይሩልን» ያለው እሱ ራሱ ነው። ግን አንድ ነገር ጠይቂው፦ ይህን ኮርስ የወሰደች ነርስ ሰኞ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ስትከፍት ዛሬ የማታደርገውን ምን ታደርጋለች? የሚመልስልሽን ቃል በቃል ጻፊ። «የሙቀት መጠኑን ጠዋትና ማታ ትመዘግባለች፣ በበዓል ቀንም ቢሆን» ካለሽ፣ «የፔንታ ክትባትን በረዶ ከሚሠራው ክፍል ታርቃለች» ካለሽ፣ የኮርስሽ አጥንት ተገኘ ማለት ነው። ያንን የስቶሪቦርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አድርጊው። በኋላ አንዱ ተነስቶ «የመሥሪያ ቤታችን ታሪክም ይግባ» ሲል፣ ሳትጣዪው ገጹን ከፍተሽ «ከእነዚህ የትኛውን ያግዝልናል?» ማለት ትችያለሽ።

አሁን ስክሪን 14ን ክፈቺልኝ። ትረካው «ቪቪኤም የክትባቱን ደኅንነት ያሳያል» ይላል። የሥዕሉ ሳጥን ውስጥ ደግሞ «የክትባት ብልቃጥ» ብቻ ነው ያለው። እዚህ ጋ ቆም በይ፤ ይህ ስክሪን ሕፃናትን ሊጎዳ ይችላል። ቪቪኤሙ፣ ብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት መከታተያ ምልክት፣ የሚናገረው ስለ ሙቀት ብቻ ነው። ብልቃጡ ምን ያህል ሙቀት ለምን ያህል ጊዜ እንዳገኘው እያጠራቀመ ይጠቁራል፤ ክትባቱ በረዶ ይሁን አይሁን ምንም አይነግርሽም። ፔንታና ሄፓታይተስ ቢን የመሳሰሉት ደግሞ በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ። «ደኅንነቱን ያሳያል» ብለሽ ካስተማርሻት፣ ሌሊት ማቀዝቀዣው ከዜሮ በታች ወርዶ ያደረ ፔንታ አንስታ፣ ቪቪኤሙ ነጭ መሆኑን አይታ፣ ልበ ሙሉ ሆና ትወጋለች። ሕፃኑ ተከትቧል ተብሎ ይመዘገባል፤ ክትባቱ ግን አቅሙን አጥቷል።

ሥዕሉንም እንየው። ሠዓሊው በሕይወቱ ቪቪኤም አይቶ አያውቅም፤ «የክትባት ብልቃጥ» ካልሽው ቆንጆ ብልቃጥ ሥሎ ያመጣልሻል። ጻፊለት፦ «ብልቃጡ ላይ ክብ ምልክት አለ፤ በክቡ ውስጥ አራት ማዕዘን አለ። አራት ማዕዘኑ ከክቡ ይነጣል። ተማሪዋ ቀጣዩን ስትጫን አራት ማዕዘኑ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፤ ከክቡ ጋር እኩል ሲሆን ይቆማል፣ ብልቃጡም በቀይ መስመር ይሰረዛል።» ይህን ያነበበ የክትባት ባለሙያ ዝም አይልም። ልክ ከሆነ «ልክ ነው» ይላል፣ ካልሆነም እዚያው ያርማል። በደፈናው የተጻፈ ነገር ምንም የሚያዝ ስለሌለው ማንም አያርመውም። «ተገቢ ሥዕል ይገባል» የሚለውን ሐረግ ከስቶሪቦርድሽ ሁሉ ፈልገሽ አጥፊ፤ ሳጥኑ ውስጥ እሱ ካለ ገና አላሰብሽበትም ማለት ነው።

ትረካውን ደግሞ ጮክ ብለሽ አንብቢው። እኔ ላንብብልሽ? «የክትባት መድኃኒቶች ከአምራች ድርጅት እስከ ተጠቃሚው ድረስ ባለው የአቅርቦት ሂደት ውስጥ ተገቢውን የቅዝቃዜ መጠን ጠብቀው እንዲጓዙ የሚደረግበት ሥርዓት…» ትንፋሽ አጠረኝ። ተራኪዋም ያጥራታል። «ክትባት ከፋብሪካ ወጥቶ ሕፃኑ ጋ እስኪደርስ ከቅዝቃዜ መውጣት የለበትም» በቂ ነው። ቁጥሩንም እንደሚነበብ ጻፊው፤ «+2 – +8» ብለሽ ከተውሽው አንዷ ተራኪ «ሲደመር ሁለት» ትላለች፣ ሌላዋ «ፕላስ ቱ» ትላለች። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ይቀመጥ፣ የትረካው ሳጥን ውስጥ ግን «ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ» በይ። ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍና ትረካው ቃል በቃል አንድ መሆናቸውን አየሽ? ሪቻርድ ሜየር የተባለው አሜሪካዊ የትምህርት ሥነ ልቦና ምሁር ይህን በብዙ ሙከራ ፈትሾታል። ሥዕልና ድምፅ በቂ ሆነው ሳለ ያንኑ ድምፅ በጽሑፍ ስትደግሚበት ተማሪው ዓይኑ ጽሑፉን ሲከተል ሥዕሉ ያመልጠዋል። መስማት ለማይችሉና ጫጫታ ውስጥ ለሚማሩ ደግሞ በፈለጉ ጊዜ የሚከፍቱትና የሚዘጉት የግርጌ ጽሑፍ አድርጊላቸው።

ጥያቄዎችሽ ላይ «ትክክል» እና «ተሳስተዋል፣ እንደገና ይሞክሩ» ብቻ ነው ያለው። ከተሳሳተ ምርጫ ሥር የሚጻፈው መልስ ትምህርቱ ራሱ ነው፤ እኔ ስቶሪቦርድ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። እስኪ ያንን የሌሊቱን ነገር ጥያቄ አድርጊው። ጠዋት ስትገቢ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ከዜሮ በታች ወርዶ እንደነበር መቆጣጠሪያው ያሳያል፤ የፔንታው ብልቃጥ አሁን ፈሳሽ ነው፣ ቪቪኤሙም ደህና ነው። ምን ታደርጊያለሽ? «እጠቀምበታለሁ» ላለችው፣ ቪቪኤሙ ስለ በረዶ እንደማይናገር ንገሪያት። «ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ሁሉ እጥላለሁ» ላለችው፣ የፖሊዮ ጠብታው በረዶ ቢሆንም እንደማይጎዳ ንገሪያት፤ ደህናውን ክትባት መጣልም ጉዳት ነው። «የፔንታውን አቆይቼ በመነቅነቅ እፈትሸዋለሁ» ላለችው ደግሞ፣ ሆን ተብሎ በረዶ ከተደረገና ከቀለጠ ተመሳሳይ ብልቃጥ ጋር አስተያይታ፣ ዝቃጩ እኩል ፈጥኖ ከወረደ እንደምታስወግድ አስረጂያት። ጠጥሮ በረዶ ሆኖ ያገኘችው ግን ፍተሻ አያስፈልገውም፤ ይወገዳል። ይህን ሁሉ አሁን ካልጻፍሽው ዴቨሎፐሩ የራሱን ነገር ይጽፍበታል፤ የሚጽፈውም «እንደገና ይሞክሩ» ነው።

ከዚህ አልፈን ለደንበኛው ከማሳየታችን በፊት በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚወሰኑ ጥቂት ነገሮች አሉ። ትልቁ አጠራሩ ነው። ስክሪን 5 ላይ «ይጫኑ»፣ ስክሪን 9 ላይ «ተጫን»፣ እኔም አሁን በጥያቄው «ምን ታደርጊያለሽ» አልኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ነርሶቹ ግን ወንድም ሴትም ናቸው። «እርስዎ» ሁለቱንም ይይዛል፣ አክብሮትም አለው፤ በጥያቄው ታሪክ ውስጥ ግን ባለታሪኳን ስም ሰጥተሽ «እሷ» ብትዪ ይቀላል። የፈለግሽውን ምረጪ፣ ግን አንዴ ምረጪና ደንበኛው ይፈርምበት። ትረካው ከተቀረጸ በኋላ አንድ ኃላፊ «ለሠራተኞቻችን በእርስዎ ይሁን» ካለ፣ ግሥ ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ ነው የሚቀየረው፤ ድምፁ በሙሉ እንደገና ይቀረጻል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ የሙቀት መመዝገቢያ ቅጹ ላይ «2፡00» ስትዪ የጠዋቱ መሆኑ ይታወቅ። ደንበኛው በድሮው ፓወር ግዕዝ ጽፎ የሰጠሽ ሰነድ ካለ ደግሞ እንደገና አስተይቢው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የድሮዎቹ ፎንቶች ግን በዚያ አልተሠሩም፣ ዴቨሎፐሩ ጋ ሲደርሱ ምኑም የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። ሲተየብ ቁጥር እንዳይሳሳት ሁለት ሰው ያመሳክረው።

እንግዲህ አሁን ወደ ደንበኛው። ፋይል ከመላክሽ በፊት ቀጠሮ ያዢ። ከቀጠሮውም በፊት አንድ ስክሪን ብቻ፣ ስክሪን 14ን፣ ሙሉ ለሙሉ አሠሪ። ሥዕሉ ንድፍ ይሁን፣ ድምፁም ያንቺው በስልክ የተቀዳ ይሁን፣ ችግር የለውም። ስብሰባው ላይ መጀመሪያ የስቶሪቦርዱን ገጽ አሳዪያቸው፣ ወዲያው ደግሞ የተሠራውን። ሠንጠረዡ እንዴት ኮርስ እንደሚሆን ያኔ ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው «የቀረውን በዚህ ዓይን አንብቡልን» የሚባለው። የመጀመሪያዎቹን ስክሪኖች አብራችሁ እለፉ፤ ትረካውን አንቺ ጮክ ብለሽ አንብቢ፣ የሥዕሉን ሳጥን እነሱ ያንብቡ። ስትተርኪላቸው ፊታቸውን እዪ፤ ግንባሩን የቋጠረ ሰው ካለ እዚያው ቆመሽ ጠይቂው። ከአንድ ሰዓት በላይ አትያዣቸው። ኃላፊው በወረቀት ማንበብ የለመደ ከሆነ ወረቀቱን አግድም አድርገሽ፣ ፊደሉን አተልቀሽ፣ ለእስክሪብቶ ሰፊ ኅዳግ ትተሽ አትሚለት። ብዙ ሰው ስክሪን ላይ የማያየውን ስህተት እስክሪብቶ ሲይዝ ያገኘዋል።

እኛ አገር ደግሞ ይሉኝታ አለ። ወጣቱ የክትባት ባለሙያ ዳይሬክተሩ ፊት «ይህ ስህተት ነው» አይልም፤ በተለይ የተሳሳተው ጽሑፍ ከራሱ ከዳይሬክተሩ ፓወርፖይንት የመጣ ከሆነ። አንቺንም «ደክመሻል» ብሎ ያዝንልሽና ዝም ይላል። ስለዚህ ባለሙያውን ለብቻው አግኚው። ሻይ ይዛችሁ፣ ስቶሪቦርዱን ዘርግታችሁ፣ «ይህን ጤና ጣቢያ ወስደህ ብታሳያቸው የሚስቁበት የቱ ጋ ነው?» በዪው። «አስተያየት ካለህ» ስትዪው የፊደል ግድፈት ይለቅምልሻል፤ እንዲህ ስትዪው ግን የሚያውቀውን ይነግርሻል። ዳይሬክተሩ ያለበት ስብሰባ ከዚህ በኋላ ይሁን።

በመጀመሪያው ቀን የምትጠይቂው ሌላ ነገር፦ የመጨረሻውን ፊርማ የሚፈርመው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ስቶሪቦርዱን የሚያየው ባለሙያው ነው፣ ያለቀውን ኮርስ የሚያየው ግን ኃላፊው። ኃላፊው ሥራ ይበዛበታል፣ ሁሉን ገጽ እንዲያነብ አትጠብቂ። የመጀመሪያውን ገጽና ስክሪን 14ን ብቻ ይዘሽ አሥር ደቂቃ ለምኚ። ሥዕሉን፣ አጠራሩንና የተራኪዋን ድምፅ ናሙና ከወደደው፣ መጨረሻ ላይ ሥራውን የሚያፈርስ አስተያየት ከእሱ አይመጣም።

አስተያየት በየዙሩ የራሱ ጥያቄ አለው፣ ይህንንም ለደንበኛው አስቀድመሽ ንገሪው። ስቶሪቦርድ ላይ የምንጠይቀው እውነት ነው ወይ፣ የጎደለ አለ ወይ፣ ሰዎቻችሁ የሚናገሩት እንደዚህ ነው ወይ ነው። አልፋ የምንለው የመጀመሪያው የተሠራ ቅጂ ሲመጣ ሥዕሉን፣ ድምፁን፣ አሠራሩን ያያሉ። ቤታው ላይ የታዘዘው እርማት መግባቱን ብቻ። ከዚያ የመጨረሻው ነው። ቤታ ላይ አዲስ ይዘት ይዞ የሚመጣ ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ማንም ጊዜው ማለፉን አልነገረውም። የሚነገረው ግን መጀመሪያ ላይ፣ በውሉ ውስጥ፣ ሁሉም በሰላም ሳለ ነው። ለእያንዳንዱ ዙር ስንት የሥራ ቀን፣ ስንት ዙር፣ ከጸደቀ በኋላ ለሚመጣ ለውጥ ማን እንደሚከፍል። «በ5 የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ እንደጸደቀ ይቆጠራል» የሚለውን አንቀጽ አስገቢው፣ ግን አትመኪበት። በዝምታ የጸደቀ ማለት ያው ያልተነበበ ማለት ነው። በአራተኛው ቀን ስልክ ደውዪ።

በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ ተጠንቀቂ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ክፍያው ከዚያ በፊት እንዲወጣ ሁሉም ይጣደፋል። ማኅተም በአንድ ቀን ይመታልሻል። ያ ማኅተም ገንዘቡን ያስወጣ ይሆናል፣ ስቶሪቦርዱን ግን አላነበበውም። ሐምሌ ላይ ረጋ ሲሉ አስተያየቱ ይጀምራል። ከቻልሽ የስቶሪቦርዱን ዙር መጋቢት ላይ ጨርሺ።

አስተያየቱ እንዴት እንደሚመጣ ታውቂዋለሽ፤ በቴሌግራም ድምፅ፣ በስልክ፣ በኢሜይል፣ በወረቀት ዳር፣ ኮሪደር ላይ። የትም ይምጣ፣ አንቺ ዘንድ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ፦ የስክሪኑ ቁጥር፣ የተባለው ነገር፣ ማን እንዳለው፣ የተወሰነው፣ የተፈጸመበት ቀን። የድምፅ መልእክቱን ራስሽ ጻፊውና «እንዲህ ተረድቼዋለሁ» ብለሽ መልሺለት። «ሳቢ ይሁን» ካለሽ ወዲያው ቀለም መቀየር አትጀምሪ። የትኛው ስክሪን ላይ ሰለቸው? ምን ሲያይ? አብዛኛውን ጊዜ ስታጣሪው ሥዕሉ አይደለም፤ ትረካው ረዝሟል፣ ወይም ሦስት ስክሪን ተከታትሎ ተማሪዋ ምንም አልነካችም።

ሁለት ባለሙያዎች ሲጋጩ ደግሞ አንቺ ዳኛ አትሁኚ። አንዱ «ጥርጣሬ ካለ ብልቃጡ ይወገድ» ይላል፣ ሌላው «መጀመሪያ ይፈተሽ» ይላል፤ ሁለቱም ለሕፃኑ ብለው ነው። ጸሐፊዋ የወደደችው ከገባ ኮርሱ የጸሐፊዋ አስተያየት ሆነ። ሁለቱን በአንድ ስልክ አገናኚና አሁን በሥራ ላይ ያለው የአገሪቱ መመሪያ የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደሚል ጠይቂያቸው። ገጹን በሠንጠረዡ ውስጥ መዝግቢው። መመሪያው ሲሻሻል የትኛው ስክሪን እንደሚነካ ያኔ ታውቂያለሽ።

ተማሪውን የሚጎዳ አስተያየት ሲመጣ ግን ዝም አትበዪ። «የኃላፊው መልእክት አምስት ደቂቃ ቪዲዮ ሆኖ መጀመሪያ ይግባ» የሚል ይመጣል። «አይሆንም» ማለት አያስፈልግሽም። «ክቡርነትዎ፣ ሠራተኞቹ ኮርሱን የሚከፍቱት በስልካቸው፣ በራሳቸው ዳታ ነው። ቪዲዮው ሲከፈት ዳታቸው ቢያልቅ ማቀዝቀዣው ጋ አይደርሱም። መልእክትዎን በአንድ ፎቶና በሠላሳ ሰከንድ ድምፅ እናድርገው?» በዪ። ምክንያቱን ከነርሷ አንጻር ስታቀርቢው ማንም አይቀየምሽም፤ እነሱም የሚያስቡት ለሠራተኞቻቸው ነው።

አንድ ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። ደንበኛው ኮርሱን የሚጭነው የራሱ ሙድል፣ ማለትም የኦንላይን ማስተማሪያ ሥርዓት፣ ላይ ከሆነ፣ ገና ስቶሪቦርድ ላይ ሳላችሁ አንድ ባዶ ስክሪን በስኮርም፣ ሥርዓቱ በሚያነበው የኮርስ ፋይል ቅርጸት፣ አዘጋጅታችሁ እዚያው ሞክሩት። «ተጠናቋል» ብሎ ይመዘግባል? ውጤቱ ይገባል? የግዕዙ ፊደል በአሮጌ ስልክ ላይ ይታያል? ይህ የመጨረሻው ሳምንት ጥያቄ መሆን የለበትም።

የቀረሽ አንድ ሰው አለ፣ እሷም ደንበኛው ቢሮ ውስጥ የለችም። ዳይሬክተሩም ባለሙያውም ማቀዝቀዣውን በየጠዋቱ አይከፍቱትም። ትረካው ከመቀረጹ በፊት ሁለት ሦስት ነርሶችን ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን አግኚ፤ ደንበኛው ስልካቸውን ይሰጥሻል፣ ካልሰጠሽም ከከተማው ዳር ያለ ጤና ጣቢያ ፈቃድ ጠይቀሽ ሂጂ። ወረቀቱን ይዘሽ ስክሪን በስክሪን አንብቢላት። ጥያቄውን ስጫት፣ በጣቷ ትምረጥ። አታስረጃት፤ ዝም ብለሽ እዪ። «ሂደት» የሚለውን ቃል ሰምታ አልፋ «ቪቪኤም» ስትዪ ቀና ካለች፣ ቋንቋሽ የት ጋ እንደሆነ አወቅሽ። ስትሳሳት ደግሞ ለምን ያንን እንደመረጠች ጠይቂያት። «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምናደርገው» ብትልሽ፣ ከፓወርፖይንቱ በላይ የሆነ ይዘት አገኘሽ፤ ጥያቄሽን በእሱ ላይ እንደገና ሥሪው። ያለችውንም ስሟን ሳትጠሪ በሠንጠረዡ አስገብተሽ ለደንበኛው መልሺለት። ባለሙያዎቹ ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ የሚያነቡት አስተያየት ይኼ ነው፤ ብዙዎቹ እነሱም ከጤና ጣቢያ ነው የጀመሩት።

ሁሉም ከገባ በኋላ የተስተካከለውን ቅጂ ቀንና ቁጥር ሰጥተሽ በአንድ ደብዳቤ ላኪ፤ መልሱም በደብዳቤ ይሁን፣ ካልሆነ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ ይፈረምበት። የድሮዎቹን ቅጂዎች ሌላ ፎልደር ውስጥ አስገቢያቸው፤ ተራኪዋ ጋ የተሳሳተው እንዳይሄድ። ተራኪዋን ደግሞ እርማት ለመቅዳት ወር ቆይተሽ ብትጠሪያት ድምፅዋ፣ ማይኩ፣ ክፍሉ እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ የተጣፈው ዓረፍተ ነገር ይታወቃል። ስለዚህ ከመቅዳትሽ በፊት ባለሙያው ትረካውን ብቻ፣ ያለ ሥዕል፣ አንድ ጊዜ ያዳምጥልሽ። በስልክ አንብቢለት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይስማ። በጽሑፍ ያለፈው ስህተት በጆሮ አያልፍም።

በይ እንግዲህ፣ ከስክሪን 14 ጀምሪ። የሥዕሉን ሳጥን ስትጨርሺ ጥሪኝ፣ የተሳሳቱትን መልሶች አብረን እንጽፋለን።